በዚያ በር አትገቢም

ሰኞ፣ መስከረም 12

«ደነገገ» ላይ ቆመናል። ሦስተኛ ቀናችን ነው። ለትምህርት ቤቶች የምናዘጋጀው የአማርኛና የወላይትኛ መዝገበ ቃላት እስከ ዓርብ «ደ»ን መጨረስ ነበረበት። አይጨርስም። አቶ ግርማ ያላመኑበትን ቃል አያሳልፉም። የአማርኛው ወገን እሳቸው ናቸው፤ የወላይትኛው እኔ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ ሶዶ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዛሬም ክራቫት አስረው ይመጣሉ።

ተመሳሳዮቹን በአንድ ወረቀት ደረደርን። አዘዘ። አወጀ። ወሰነ። በየነ። ፈረደ። ሥርዓት አወጣ። አቶ ግርማ አንዱ በሌላው ቦታ አይቆምም ይላሉ። ለማዘዝ አንድ ሰሚ ይበቃል። ለማወጅ ገበያ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ለመበየን ሁለት ተከራካሪ። መደንገግ ግን ይለያል፤ የተደነገገ ነገር የተናገረው ሰው ቤቱ ከገባ በኋላም እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ሻይ አልጠጣሁም።

ቆሞ ይቀራል። እውነት ነው። አስራ አንድ ዓመት ቆሟል፤ ከገሱባ ከተማ ወዲያ፣ አባቴ አጥር ላይ። «ይህን ሰው ካገባሽ በዚህ በር አትገቢም።» አምስት ሽማግሌዎች ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ። በሳምንቱ ማርቆስን አገባሁ።

ማርቆስ ነርስ ነው። እናቱ ሸክላ ትሠራለች። ጥፋቱ ይኸው ነው። በእኛ አገር ገበሬ ከሸክላ ሠሪ ቤት ጋር አይጋባም ነበር። «ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት።

እሁድ ጊፋታ ነው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ። የትም ያለ ሰው ወደ አባቱ ቤት ይገባል። መናኸሪያው ከዛሬ ጀምሮ ሞልቷል። ሜሮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአያቷን ቤት አታውቅም። ዘንድሮ የት ነው የምንውለው ብላ አልጠየቀችም። መጠየቅ ትታለች።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ተስፋዬ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከአባቴ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስቱ፣ አባ አጥር እየነቀለ ነው» አለኝ።

የትኛውን አጥር? ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን። በሰማንያ ዓመቱ። ብቻውን። ተስፋዬ ልርዳህ ቢለው በዶማው ጫፍ ወደ ማሳው አመለከተው፤ ወደ ሥራህ ሂድ ማለቱ ነው። ለምንድነው ቢለው «ለዝናብ ውሃ መውጫ» አለው።

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት፦ መሬቱን ለዘመድ ሊያካፍል ነው። ራሱን ስቷል። ሊሞት ነው፤ አንዳንድ ሽማግሌ ሊሞት ሲል እንዲህ ያለ ሥራ ይጀምራል። ወገቡ ይቀጫል። ዶማው እግሩ ላይ ያርፋል፣ ማርቆስ ቁስሉን ሊያክምለት ሲሄድ ደግሞ አትገባም ተብሎ በሩ ላይ ይቀራል።

የመጨረሻውን ሳስበው ሳቅሁ። ከዚያ አልሳቅሁም።

በጊፋታ ዋዜማ ቂም ይዞ ማደር ነውር ነው። የተጣላ ይታረቃል፤ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይመጣል። በየመስከረሙ ጠብቄያለሁ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሄዶለታል። ሁለቱንም ጊዜ አንድ መልስ ሰጠ፤ ከልጄ ጋር አልተጣላሁም፣ ቃል ነው የተናገርኩት። ጠብ ይታረቃል። ቃል ምን ይደረጋል?

እናቴ የሞተች ጊዜ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ዝናብ ነበር። ጎረቤቶች ምግብ እስከ መንገድ አወጡልኝ። አባቴ ግቢው ውስጥ ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጧል፤ በእንሰቱ ቅጠሎች መካከል ጉልበቱ ብቻ ይታየኛል። አልተነሳም። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤት ግባ አሉት፤ ሲጎትቱትም አየሁ። እኔ እስክሄድ ድረስ ያ ጉልበት ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀሰም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እንዳይመጣ ይሆናል።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ለምሳሌ ይሆናል ብዬ አጥር ላይ የተለጠፈ የቀበሌ ማስታወቂያ ገልብጬ መጣሁ። የበግ ተራ ቦታው እንዲቀየር «ተደንግጓል» ይላል። አቶ ግርማ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ቀበሌ አይደነግግም። ያስታውቃል። ቢደነግግማ በጎቹ እንኳ አይሰሙትም።»

ሳቃቸው ሳያልቅ ነገርኳቸው። ለምን ዛሬ እንደሆነ አላውቅም። የአባቴን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ይህ የትኛው ግሥ ነው አልኳቸው። አንዱን መርጠው ወደ ሥራችን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ገዘተ» አሉ በመጨረሻ። «ካህን ነው እንዲህ የሚያደርግ። የገዘተው ራሱ ካልፈታ ሌላ አይፈታውም።»

ራሱ አይፈታም። ለምን እንደማይፈታ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያሉት አቶ አንጁሎ የበኩር ልጃቸውን በንዴት ከቤት ከልክለውት ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጸጸቱ፤ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር የሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ መጡና ቃሌን ላንሳ አሉ። ሌሎቹ እሺ ሊሉ ነበር። አባቴ ተነሳ። አባት ዛሬ ተናግሮ ነገ ካነሳ ማን አባት ይፈራል አለ። የተተከለ ቃል አይነቀልም አለ። አቶ አንጁሎ ኮፍያቸውን አንስተው ሄዱ። ልጃቸው ሐዋሳ ነው የሚል አለ፤ ሞያሌ ነው የሚል አለ። አልተመለሰም።

አባቴ የእኔን ቢያነሳ በማግስቱ አቶ አንጁሎ አጥሩ ጋ ይመጣሉ። መናገር አያስፈልጋቸውም። ቆመው ማየት ይበቃቸዋል።

ከሥራ ስወጣ ዘነበ። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሌላ ነው፣ እንሰት ላይ የሚወርድ ሌላ። እንሰት ላይ ሲወርድ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ በወላይትኛ እጽፋለሁ፤ ሲመሽ ሜሮን በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ በአማርኛ እመልሳለሁ። ይህችንም የምጽፈው በአማርኛ ነው። ወላይትኛዬ የአባቴ ግቢ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል፤ መሥሪያ ቤት ይዤው የምመጣው የደንብ ልብሱን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ተስፋዬ ሁለት ጊዜ ደወለ።

ጠዋት። ውሃ መውጫ አይደለም። አባ በሁለቱም ወገን ወፍራም ግንድ ሊተክል ጉድጓድ ቆፍሯል፤ በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ተስፋዬ ሥራውን ትቶ ሲያየው፣ አቶ አንጁሎ ከራሳቸው ግቢ ወጥተው መጡ። መጥተው ቆሙ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያያሉ። አባ ቀና አላለም። ይቆፍራል። ተስፋዬ የሚናገሩትን ቃል ከአሥር ዓመት በላይ ሲያዘጋጁት እንደኖሩ አውቃለሁ አለኝ።

አቶ አንጁሎ በመጨረሻ ያሉት ይህን ነው። «ጉድጓድህ አልጠለቀም። ሁለት ዝናብ ቢመጣ ይወድቅብሃል።»

ከዚያ ምርኩዛቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ዶማውን ከአባ እጅ ወሰዱ።

ይህን ሲነግረኝ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። አቶ ግርማ መስኮቱን ከፍተው ውጭ ማየት ጀመሩ፤ እንዳያዩኝ ነው።

ከሰዓት። ግንዶቹ ቆመዋል። መዝጊያው ተሰቅሏል፤ የቀርከሃ ነው፣ ቀርከሃውን ያመጡት አቶ አንጁሎ ናቸው። ሲጨርሱ አባ የድሮውን በር፣ ያንን በር፣ ዘጋው። በእሾህ ቅርንጫፍ አጠረው፣ በሽቦም አሰረው። ተስፋዬ ከእርሻ ሲመለስ በልማዱ ወደዚያ ሄዶ እግሩን ተወጋ። አባ ሳቀበት አለኝ።

ስለዚህ አሁን በዚያ በር እሱም አይገባም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህን ዓረፍተ ነገር በልቤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ግን ማንም ኑ አላለም።

ተስፋዬን ጠይቅልኝ አልኩት፤ በሩ የማን ነው በለው። ጠየቀው። ለውሃ መውጫ ነው አልኩህ አለ፣ ተቆጣም። አባቴ ለውሃ መዝጊያ የሚሠራ ሰው አይደለም። ግን ተሳስቼ ቢሆንስ? ሰማንያ ዓመቱ ነው። ምናልባት ከአዲሱ መንገድ ጋር ሊያገናኘው ፈልጎ ይሆናል። ምናልባት የድሮው በር በስብሶ ነበር። ሄጄ አዲሱ በር ላይ ብቆምና ቢያየኝ፣ እንዲህ ቢለኝስ፦ በዚህም አትገቢም።

ያን ጊዜ ሁለት በር ይሆናል የተዘጋብኝ። አሁን ያለኝ አንድ ነው። አንዱን ለምጄዋለሁ።

ሊጠራኝ አይችልም፤ ይገባኛል። ቢጠራኝ ቃሉን አነሳ ማለት ነው። ነይ የሚለውን ቃል ለመተው ነው ሦስት ቀን የቆፈረው። ወይም እንዲህ ብዬ የማስበው ስለናፈቀኝ ነው። ናፍቆት ያለበት ሰው የፈለገውን ነገር ከአጥር ላይ ያነባል።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ደመራ ተለኮሰ። ከቤታችን ጭሱ ይታያል። ማርቆስ ልብስ እያሰጣ ነበር። ነገርኩት። እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«በሩ ከሆነ ላንቺ ነው» አለኝ። «አንቺና ሜሮን ግቡ። እኔ ገሱባ ድረስ አደርሳችሁና ሻይ ቤት እጠብቃለሁ። ሰውዬው አንድ በር ሠራ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠይቂው።»

እንዲህ ደግ ሲሆን እናደድበታለሁ። የተከለከልኩት ባንተ ነው አልኩት። አንተ ሻይ ቤት ከተቀመጥክ የገባሁት እኔ አይደለሁም፤ የገባችው ሳታገባህ በፊት የነበረችው ናት። እሷ ደግሞ ሄዳለች።

ሸሚዙን ገመዱ ላይ አደረገው። «ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል አይደል ያለው ተስፋዬ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«ሜሮን መሃላችን ትገባለች፤ ቀጭን ናት።»

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ቢሮ ዝግ ነው። «ደነገገ» ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ትርጉም የለውም።

የምንይዘው፦ ቅቤ፣ ኪሎ ሥጋ (ቅርጫ ስለሌለን)፣ ለአባቴ ሹራብ። የሹራቡን ልክ አላውቅም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የነበረውን ትከሻውን አስቤ ገዛሁ፤ ቤት መጥቼ ሳየው ለግዙፍ ሰው የሚሆን ነው። ተስፋዬ አባ ከስቷል ብሎኝ ነበር።

ጠዋት የማርቆስ እናት መጣች። ከበዓል በፊት ሁልጊዜ ትመጣለች። እሁድ የት እንደምንሄድ ሰምታለች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠች። አዲስ የሸክላ ወጭት። ጠርዙ ላይ በጣት የተሠራ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። «ለአባትሽ ነው» አለች።

መንገዱ ጥሩ አይደለም አልኳት። ከገሱባ ወዲያ ሞተር ነው፤ ሊሰበር ይችላል አልኳት።

«ሸክላ እንደሚሰበር ለእኔ ትነግሪያለሽ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ከዚያ ግን ወጭቱን መልሳ በቅርጫቷ ከተተች። ቤትሽ ይቀመጥ አልኳት፤ አይ፣ ገበያ ይወጣል አለች። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ ሜሮንን ሳመች፣ ሄደች።

ስለ መንገዱ አልነበረም። እሷም ታውቃለች። አባቴ የእሷን እጅ ሥራ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ፈራሁ። እኔም ያው ነኝ። በራሴ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንዲት ሴት ላይ ትንሽ ነገር ደነገግኩ፤ ያውም በትህትና።

ማርቆስ አይቷል። 

ሰኞ፣ መስከረም 19፤ ጠዋት፣ አባቴ ግቢ

ትናንት አልጻፍኩም።

ከሶዶ በሚኒባስ፣ ከገሱባ በሁለት ሞተር፣ የመጨረሻውን በእግር። ጭቃ። ሜሮን አንድ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ጥላ መልሳ አወጣች። የድሮው በር ጋ ስንደርስ እግሬ በራሱ ቆመ። እሾሁ ደርቋል። አልፈነው በአጥሩ ዙሪያ ሄድን፤ እንሰቱ ጀርባ ስንደርስ አዲሱ መዝጊያ ክፍት ነው። ማንም የለበትም።

ሆን ብዬ አልቆምኩም። ብቆም ማሰብ እጀምራለሁ። ማርቆስ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ሜሮን መሃል። ገባን።

አባቴና ወንዶቹ ቤቱ ፊት ለፊት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው፤ አቶ አንጁሎ ከጎኑ ናቸው። ከመሃል የበሬው ሥጋ በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቷል።  አባቴ ቀና ብሎ አየን። ከስቷል። አንገቱ የሌላ ሰው አንገት ነው። እኔን አይቶ ሜሮንን አየ። ጫማዋን ረጅም ጊዜ አየ። «ይህች ልጅ እርጥብ ናት» አለ በወላይትኛ፣ ለማንም ሳይሆን፤ ተስፋዬ መጥቶ ወደ እሳቱ ወሰዳት።

ሰላምታ አልነበረም። ይቅርታ አልነበረም። ቃሉ አልተነሳም፤ ማንም ስሙን እንኳ አልጠራም።

እኔ ወደ ሴቶቹ መሄድ ነበረብኝ። ማርቆስ ግን የት ይሄዳል? በጊፋታ ወንዶች ከአንድ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ ከአንድ የቃሪያ ዳጣ ያጠቅሳሉ። የሸክላ ሠሪ ልጅ በዚያ ክብ ውስጥ ተቀምጦ ከልጅነቴ ጀምሮ አላየሁም። ማርቆስ ይህን ያውቃል። አጥሩ ጥግ ሄዶ ጭቃውን ከሱሪው እንደሚያራግፍ ሰው ሆኖ ቆመ። ያራግፋል፣ ያራግፋል። ያ ሱሪ እንደዚያ የሚራገፍ ጭቃ አልነበረውም።

«አንተ» አለ አባቴ።

ሁላችንም ማን እንደሆነ አውቀናል።

«ሐኪም ነህ አሉ።»

ነርስ ነኝ አለ ማርቆስ።

«ያው ነው። እጅህ አይንቀጠቀጥም። የእኔ ይንቀጠቀጣል።» ቢላውን በስለቱ ይዞ እጀታውን ወደ እሱ ዘረጋ። «ና፣ ቁረጥልን።»

ማርቆስ ወደ እኔ አላየም፤ ቢያየኝ እናለቅስ ነበር። መጥቶ ተንበረከከ። ቆረጠ። የመጀመሪያውን ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ዳጣ አጠቀሰና በላ፤ ጥርስ ስለሌለው ብዙ አኘከ፣ ሰው ሁሉ ሲያኝክ ያየዋል። ሁለተኛውን አቶ አንጁሎ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው ወሰዱ። «አወፍረው» አሉት። «ለታማሚ የምትቆርጥ አታስመስለው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሁለት ሰዎች ተነሱ። አንደኛው ሆዴን አሞኛል አለ፣ ሁለተኛው ተከተለው። በአዲሱ በር ወጡ። ሌላ መውጫ የለም። አባቴ አላስቀራቸውም፤ እስኪርቁ በዓይኑ ሸኛቸው። ከእነዚያ ሁለት ሰዎች ጋር ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የኖረው። አንደኛው ከአምስቱ ሰሚዎች አንዱ ነበር።

ይህን አባቴ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ጉድጓዱን ሲቆፍር ያውቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ምንም አልተለወጠም፤ ወይም ምን እንደተለወጠ ማንም አይናገርም። ማርቆስና ተስፋዬ ገሱባ ሄደዋል። ሜሮን ከአያቷ ጋር ተቀምጣ በአማርኛ ትለፈልፋለች፤ እሱ በወላይትኛ ይመልሳል፤ አንዳቸውም የተቸገሩ አይመስሉም። ሹራቡን ለብሶታል። እጅጌው እስከ ጣቱ ይደርሳል። የማርቆስን እናት ስም ሊጠይቀኝ ይፈልግ ይሆን እያልኩ አየዋለሁ። አልጠየቀም። ስመለስ ወደ እሷ ቤት በምን ፊቴ እንደምሄድ አላውቅም። ቢያንስ ወጭቱ ተሸጦ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካልተሸጠ ስጪኝ እላታለሁ። ላትሰጠኝም ትችላለች።

እዚህ ጓዳው በር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አባቴ አሁን ከውጭ ጠራኝ። «አስቴር፣ የዚች ልጅ ጫማ ደርቋል፤ ነይ ውሰጂው» ይላል። ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው ትዕግሥት ማጣት አለ፤ ታዝዤ ካልመጣሁ እንደሚቆጣ ያስታውቃል።

ሰምቻለሁ። አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥራኝ።